የካሊዋንጊ አሥራ አንድ ሆላንዶች

ካሊዋንጊ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2019

ለወንድሜ ለማስ ሰኖ፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ደብዳቤህ በሩዝ ጀልባው ወርዶ፣ ወንዙን ጨርሶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ በአሥራ ሦስተኛው ቀን እጄ ገባ። ካምፓችሁ ያለው የስልክ ምሰሶ አሁንም እንዳልተጠገነ ሳነብ አዘንኩ። ስልክ ቢኖርህ ኖሮ ግን አንዲት ገጽ እንኳ እንደማትጽፍልን ስለማውቅ ብዙም አላዘንኩም።

እኛ ደህና ነን። አባታችን ባፓክም ደህና ናቸው። ባለፈው ደብዳቤ ግርጌ እንደ ልማዳቸው ሰላምታ ያልጻፉት ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። ያን ቀን ጋደም ብለው ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ሊዘጋብኝ ስለሆነ አልቀሰቀስኳቸውም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ወደ ሌላው ጥያቄህ ልለፍ። አዎ፣ አርበኞቻችን ሆላንዶችን ያሸነፉበት የድልድዩ ውጊያ መታሰቢያ ትርኢት ዘንድሮም አለ፤ ማርች 3፣ እሑድ ጠዋት። አዎ፣ የሆላንዱ ሻምበል ዘንድሮም ባፓክ ናቸው። ሌላ ማን ይሆናል? የድሮ ልብስ ማኅበራችን ከተቋቋመ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አሥራ አራቱንም ዓመት ባፓክ ድልድዩ ላይ ሞተዋል። መጀመሪያ የተመረጡት በከተማው ረጅሙ ሰው ስለነበሩ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቦታውን የሚቀማቸው ሰው ጠፋ። ፊቱን የሩዝ ዱቄት ተቀብቶ በገዛ ሰፈሩ ሕዝብ ፊት ጠላት መሆን ማን ይወዳል? እሳቸውን ብትጠይቃቸው፣ «ሠላሳ ዓመት የባቡር ማቋረጫ ዘብ ሆኜ ቆሜያለሁ፤ በጡረታዬ ብተኛ ማን ይከሰኛል?» ነው የሚሉህ።

ሊቀመንበራችንን ፓክ ሙጂብን ታውቃቸዋለህ። ከታሪክ አስተማሪነት ጡረታ ወጡ እንጂ ማስተማሩ ከእሳቸው አልወጣም። አምና አንዱን አርበኛ፣ የእጅ ሰዓትህ የዘመኑ አይደለም ብለው ከሰልፍ አውጥተው ወደ ቤቱ ሰደዱት። በየዓመቱ ለፈቃዱ ያለፈውን ዓመት ማመልከቻ ፎቶ ኮፒ አንስተው፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጠው፣ ከሰፈር አለቃው እስከ ፖሊስ ጣቢያው ሰባት ማኅተም ያስመቱበት ነበር። ዘንድሮ የምርጫ ዓመት ስለሆነ ሰው ለሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ አዲስ ቅጽ መጥቷል። ስም፣ ዕድሜ፣ የሚይዘው ነገር፣ የሚለብሰው ነገር፣ ምኑ ቅጡ። ሌላው ሰው ያማርራል፤ ፓክ ሙጂብ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። «በስተመጨረሻ ቁም ነገር የሚጠይቅ ቅጽ መጣ!» ብለው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ብቻቸውን ተቀምጠው ሞሉት። ለማንም ሳያሳዩ አስገቡት።

እኔ የሻምበሉን ኮት እያጠበብኩ ነው። ባፓክ ትንሽ ከስተዋል። ጣፋጭ ነገር ስለተዉ ነው።

እህትህ ላራስ


ከላይኛው ወንዝ ካምፕ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2019

ለታናሽ እህቴ ለዲክ ላራስ፣

ወአለይኩም ሰላም። እኔ ደህና ነኝ። ያው እንጨት ይወርዳል፣ እንጨት ይጫናል፤ ማሽኑ ሲበላሽ እጠግናለሁ፣ ሳይበላሽ ሲቀር እስኪበላሽ እጠብቃለሁ። የላክሽው ደረቅ የአኩሪ አተር ቴምፔ ደርሷል። አብረውኝ የሚያድሩት ሰዎች ከእኔ ቀድመው ስለጨረሱት ምስጋናው የእነሱ ነው።

ጉንፋኑ ለቆኛል። አይ፣ ሴት አላገኘሁም፤ እዚህ ያለችው ብቸኛ ሴት ወጥ ሠሪያችን ኢቡ ሳዲያ ናት፣ እሷም ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። በዚህ ጉዳይ ድጋሚ አትጠይቂኝ።

አንድ ነገር ልበልሽ። ስለ ፓክ ሙጂብ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍሽልኝ። ስለ ባፓክ «ደህና ናቸው» ብለሽ አለፍሽ። ደግሞ እሳቸው ጣፋጭ የሚተዉት ከመቼ ወዲህ ነው? ሻይ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ካልጨመሩ «ይሄ የእግር ውሃ ነው» የሚሉ ሰው! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ያንቺ ዝምታ ግን የሚሸት ይመስለኛል።

በይ እስቲ፣ ወንድምሽ ሰኖ


ካሊዋንጊ፣ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2019

ለማስ ሰኖ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ስለ ባፓክ ለጠየቅከኝ፣ የምበላውን መጥነህ አብላኝ የሚል ሆድ በስተርጅና መጥቶባቸው ነው። አታስብ። አሁን የምነግርህን ስማና ከሳቅክ በኋላ ምክር ስጠኝ፤ ጉድ ላይ ነን።

ባለፈው ማክሰኞ የፖሊስ ጣቢያው የፈቃድ ክፍል እኔንና ፓክ ሙጂብን አስጠራን። እኔን የጠሩኝ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ዋሪስ ነው፤ ያ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ ፓክ ሙጂብ በታሪክ ሁለት ጊዜ የጣሉት ዋሪስ። የእኛን ፋይል ገልጦ አየ፣ ዘጋው፣ እንደገና ገለጠው።

«ፓክ ሙጂብ» አለ በትሕትና፣ «ካሊዋንጊ ውስጥ አሥራ አንድ ሆላንዶች አሉ እንዴ?»

«የት ይመጣሉ? የሉም።»

«እዚህ ጽፈዋል። ዜግነት በሚለው ሥር፣ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሆላንዳዊ።»

«እነሱማ ሆላንዶች ናቸው።»

«አሉ ወይስ የሉም?»

«ልብሱን ሲለብሱ አሉ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ፓክ ሙጂብ ቅጹን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተውኔቱ ነው የሞሉት። አርበኛ ለሆነ ሁሉ ኢንዶኔዥያዊ፣ ጠላት ለሆነ ሁሉ ሆላንዳዊ። የባፓክ መስመር ላይ «ካስማዲ፣ 71 ዓመት፣ ሆላንዳዊ፣ ሻምበል፣ አንድ ሽጉጥ (የእንጨት)» ይላል። ዋሪስ ክፉ ሰው አይደለም፤ መጀመሪያ አይቶት ቢሆን ሰርዞ ያስተካክለው ነበር። ግን ከእሱ በፊት ሌላ ጸሐፊ አይቶት፣ የውጭ አገር ሰው ያለበት ስብሰባ ለኢሚግሬሽን ይገለጻል በሚለው መመሪያ ፋይሉን ወደ ክፍለ ሀገሩ ከተማ ልኮታል። መልሱም መጥቷል፤ እነዚህ አሥራ አንድ ሰዎች ወደ አገር ስለመግባታቸው ምንም ማስረጃ የለም ይላል።

ከዚያማ አሥራ አንዱም ታዘዙ። መታወቂያ፣ የቤተሰብ ካርድ፣ የልደት ወረቀት፣ እና የመንግሥት ቴምብር በተለጠፈበት ወረቀት ላይ «እኔ ሆላንዳዊ አይደለሁም» የሚል የፊርማ ቃል። አስበው፤ የቶፉ ነጋዴው፣ ሁለቱ ጋሪ ነጂዎች፣ የመስጊዱ ጽዳት ሠራተኛ፣ ሁሉም ተሰልፈው። ባፓክ የመጨረሻው ነበሩ። ዋሪስ ፊቱን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ «ፓክ ካስማዲ፣ ሆላንዳዊ አይደሉም አይደል?» አላቸው።

«በባቡር ማቋረጫው ላይ በሳይክልህ ሹልክ ልትል ስትል ስንት ጊዜ ይዤሃለሁ? ያኔ በምን ቋንቋ ነበር የሰደብኩህ?»

«ይቅርታ፣ ፓክ። መጠየቅ ስላለብኝ ነው።»

ፈረሙ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቀስ ብለው ነው የፈረሙት። በር ላይ ስንደርስ ቆም ብለው ፓክ ሙጂብን፣ «እንግዲህ ኢንዶኔዥያዊ መሆኔን በቴምብር አስመስክሬያለሁ። ዘንድሮ ከእነሱ ጋር እቆማለሁ» አሏቸው።

«ከእነማን ጋር?»

«ከእኛ ጋራ ነዋ!»

ፓክ ሙጂብ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ባፓክ አልሳቁም። «አሥራ አራት ዓመት ባንዲራው ሲወጣ በግንባሬ አስፋልት ላይ ተደፍቼ ነው የምሰማው። ሙት መዝሙሩ ሳያልቅ አይነሣም ብለህ ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ ልየው።» አባታችን ሲለምኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ማስ ሰኖ።

ፓክ ሙጂብ እሺ አሉ። ችግሩ ግን አንድ ሰው ከሆላንድ ወደ እኛ ሲሻገር ዝርዝሩ ይለወጣል፤ ዝርዝሩ ሲለወጥ ሰባቱም ማኅተም ከሰፈር አለቃው እንደገና ይጀመራል። ማርች 3 አይደርስም። ከማርች 20 በፊት ይሁን ብዬ የፓክ ሙጂብ አንገት ላይ ተንጠልጥያለሁ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከዚያ ወዲያ የኢድ ልብስ ስፌት ስለሚበዛብኝ ነው አልኳቸው። ለአንተም የምለው እሱን ነው።

አሁን ሻምበል የለንም። በከተማው ከባፓክ ቀጥሎ ረጅም የሆነው አንተ ነህ። ትመጣለህ?

እህትህ ላራስ


ከላይኛው ወንዝ ካምፕ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2019

ለዲክ ላራስ፣

ደብዳቤሽን ለካምፑ ሁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ኢቡ ሳዲያ በሳቅ የሩዙን ድስት አሳረረችው። «ልብሱን ሲለብሱ አሉ» የሚለው እዚህ መተረቻ ሆኗል፤ አለቃው አለ ወይ ሲባል «ቆቡን ሲያደርግ አለ» እየተባለ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ለጥያቄሽ መልሴ፣ እኔ ብፈልግም ወረቀቱ አይፈልግም። እዚህም ቅጽ አለ። ከኮንትራት መሀል ፈቃድ የሚሰጠው ለሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ለሞት፣ ለሠርግ፣ ለቅርብ ቤተሰብ ከባድ ሕመም። እኔ ሞኙ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «የሆላንድ ሻምበል ሆኜ ለመሞት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ሞትማ ተፈቅዷል፤ ግን የቤተሰብ እንጂ የራስህ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ ከሦስቱ የትኛውን ልጻፍ? የሞተ የለንም። አንቺ ልታገቢ ነው እንዳልል ከማን ጋር ይሉኛል።

የኢድ ልብስ ያልሽውን አላምንም። ኢድ ዘንድሮ ጁን ላይ ነው። በልጅነትሽ የእናታችንን ብርጭቆ ሰብረሽ ድመቷ ናት ስትይ ድመት አልነበረንም። አሁንም እንደዚያው ነሽ። የባፓክ እጅ ለምን ተንቀጠቀጠ? ማርች 20 ምንድን ነው?

ሰኖ


ካሊዋንጊ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2019

ማስ ሰኖ፣

ሦስተኛውን ጻፍ።

የሆስፒታሉን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ማኅተሙ በግልጽ ይታያል፣ አለቃህ አይከራከርም። ስኳር ነው። ባለፈው ኦክቶበር የባፓክ ግራ እግር አውራ ጣት ጠቆረ። ለእኔም አልነገሩኝም፤ ካልሲ አድርገው ይተኙ ነበር፤ ያወቅኩት ካልሲውን ሳጥብ ነው። አሁን ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ረቡዕ፣ ማርች 20። ሐኪሙ ከዚያ አይለፍ ብሏል።

ለአንተ እንዳልነግር አስምለውኛል። «ስምንት ወር ኮንትራት ቀርቶታል፤ ትቶ ይመጣና እኔንም እግሬንም ይቀመጣል ሲያይ» አሉኝ። መሐላዬን ያፈረስኩት ቅጽህ ስለጠየቀኝ ነው። አንተ ብቻ ብትጠይቀኝ ኖሮ ዛሬም አልነግርህም ነበር። ተቀየመኝ፣ መብትህ ነው። እኔም በራሴ ተቀይሜያለሁ።

ስድስተኛውን ማኅተም ትናንት አገኘን። ዋሪስ ሰባተኛው በእኔ ይሁንባችሁ ብሏል፤ እሑድ ማርች 17፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት። የቀርከሃ መድፉ ስንት ሜትር ድረስ ይሰማል የሚል ጥያቄ ብቻ ቀርቷል። ፓክ ሙጂብ «እስከ ሆላንድ» ብለው ሊጽፉ ሲሉ እስክሪብቶውን ቀማኋቸው።

ለባፓክ ትመጣለህ ብያቸዋለሁ። እግሩን እንደምታውቅ አያውቁም፤ አትናገር። ሰምተው ወረቀት አምጪ ብለው ይህን አስጻፉኝ፤

«ሰኖ። መድፉ ከተተኮሰ በኋላ አትጠብቅ፤ ከድምፁ ጋር እኩል ውደቅ። የሚያስብ ሰው ዘግይቶ ይወድቃል፣ ሕዝቡም ይስቅበታል። ጉልበትህን አታስቀድም፣ ትጎዳለህ። ቀኝ ትከሻ፣ ከዚያ ጉንጭ። ፊትህን ወደ ወንዙ አዙር፤ ወደ ሕዝቡ ካዞርክ የምታውቀው ሰው ታያለህ፣ ሳቅህ ይመጣል። መዝሙሩ እስኪያልቅ አትንቀሳቀስ። ጉንዳን ቢመጣ ታገሥ። አባትህ ካስማዲ።»

ግርጌው ላይ የፈረሙት ራሳቸው ናቸው።

ላራስ


ከላይኛው ወንዝ ካምፕ፣ ማርች 5 ቀን 2019

ላራስ፣

አምስት ቀን ሰጥተውኛል፤ መንገዱ አራቱን ይበላዋል። ቅዳሜ ማታ እደርሳለሁ፣ እሑድ ቀትር ላይ እመለሳለሁ። ረቡዕ ከእሳቸው ጋር ልሁን ብዬ ለምኜ ነበር፤ ከሁለት አንዱን ምረጥ ተባልኩ። እሳቸው የትኛውን እንደሚመርጡልኝ ስለማውቅ እሑድን መረጥኩ።

አራት ወር ደብቀሽኛል። አሁን ልጮህብሽ አልችልም፤ ስንገናኝም በእሳቸው ፊት አልችልም። ስለዚህ እዚህ ጫካ ውስጥ ብቻዬን ጮኬ ጨርሻለሁ።

የጫማ ቁጥሬ አርባ አራት ነው። ኮቱን መልሰሽ አስፊው።

ሰኖ


ከላይኛው ወንዝ ካምፕ፣ ማርች 23 ቀን 2019

ለዲክ ላራስ፣

ሐሙስ በሰላም ደርሻለሁ፤ አውሮፕላኑ ሁለት ቀን ዘግይቶብኝ ነው። ረቡዕ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሆኜ ደውዬ ነበር፤ ስልክሽ ዝግ ነበር። እንዴት ሆኑ? መጀመሪያ እሱን ጻፊልኝ፤ ከሌላው ሁሉ በፊት።

ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር አልወጣልኝ ብሏል። እንደታዘዝኩት ከድምፁ ጋር ወደቅኩ፤ ትከሻ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ፊቴ ወደ ወንዙ። የአስፋልቱ ጠጠር ምልክቱን ጉንጬ ላይ ጥሎብኝ ነው የመጣሁት። ግን ወዲያው ሕዝቡ ሳቀ። በእኔ መስሎኝ ነበር፤ በደንብ አልወደቅኩም ይሆን እያልኩ። ከዚያ መዝሙሩ ተጀመረ፣ መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። ፓክ ሙጂብ ጮኹ። ረጅም ጸጥታ ሆነ፤ በጣም ረጅም። የወንዙ ድምፅ ብቻ። ከዚያ መዝሙሩ ከሀ ተጀመረ። ሙት ነኝና ዞሬ አላየሁም።

ስነሣ ባፓክ ምሰሶው ሥር ቆመዋል፤ ፊታቸው በላብ ረጥቧል፣ የሱሪያቸው ጉልበት ተቀዷል። ምን ሆኑ ብላቸው፣ «ሙት አይጠይቅም» አሉኝ። አንቺን ብጠይቅሽ በሙዝ ቅጠል ሩዝ ጠቅልለሽ እጄ ላይ አስቀመጥሽና አውቶቡስህ አመለጠህ አልሽኝ። ፓክ ሙጂብን ብጠይቅ የጫማዬ ገመድ የዘመኑ እንዳልሆነ ነገሩኝ።

ምን ነበር የሆነው?

ወንድምሽ ሰኖ


ካሊዋንጊ፣ ኤፕሪል 3 ቀን 2019

ለወንድሜ ለማስ ሰኖ፣

አልሃምዱሊላህ፣ ባፓክ ደህና ናቸው። ይህን ጊዜ እውነቴን ነው። ቀዶ ጥገናው ረቡዕ ጠዋት በሰዓቱ ሆነ፤ ከጉልበት በታች፣ ሐኪሙ እንዳለው። ቁስሉ እየደረቀ ነው። ይበላሉ፤ ከነርሷ ጋር በሻይ ስኳር ይጣላሉ፤ ሌሊት የሌለው እግር ያሳክከኛል ይላሉ። ሁለት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር፤ ያንንም አልደብቅህም። በሦስተኛው ቀን ሬዲዮ አምጪልኝ አሉ። ስልኬ የተዘጋው ባትሪው አልቆ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀምጬ ሳለቅስ ስለዋልኩ አላስተዋልኩም።

ስለ እሑዱ እንድነግርህ ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «ይነገረው። ሳቅ ግን አትጨምሪበት፤ የነበረው ይበቃል» አሉ። ስለዚህ የነበረውን ብቻ እጽፍልሃለሁ።

ዝናብ ያርቃል በሚባለው ልማድ በዋዜማው ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት በመጥረጊያ እንጨት ሰክተን ድልድዩ አጠገብ ተክለን ነበር፤ ሰማዩ ጠዋት ጥርት ብሎ ዋለልን። እኔ ከወጥ ቤት ሴቶቹ ጋር የሩዝ ቅርጫት ይዤ ከምሰሶው በስተቀኝ ቆሜያለሁ። ባፓክ ከአርበኞቹ ሰልፍ በሁለተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ ነበሩ። የሰፋሁላቸውን ቡናማ ሸሚዝ ለብሰው፣ የእንጨት ጠመንጃቸውን ይዘው። ግራ እግራቸውን ሦስት ካልሲ አልብሼዋለሁ። እንዴት እንዳማረባቸው ልነግርህ አልችልም። አንተ ግን ከድልድዩ ማዶ ከሆላንዶችህ ጋር ስለነበርክ አላየሃቸውም።

መድፉ ተተኮሰ። አንተ ወደቅክ፤ በደንብ ነው የወደቅከው፣ የሚሳቅበት አልነበረም። ባፓክም ወደቁ።

ማንም አልነካቸውም፣ አልታመሙምም። አሥራ አራት ዓመት ከዚያ ድምፅ ጋር እኩል የወደቀ ሰው ነው፤ ሰውነታቸው ሳያስብ ወደቀ። ቀኝ ትከሻ፣ ከዚያ ጉንጭ፣ ፊታቸውን ወደ ወንዙ። ከአሸናፊዎቹ መሀል አንድ ሰው ብቻ ሞተ። ሕዝቡ የሳቀው ያኔ ነው። ማን ያልሳቀ አለ? ዋሪስ ሳቀ፣ የቶፉ ነጋዴው ሞቶ ሳለ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁትና ሳቄን አቆምኩ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው መሬት ከደረሱ በኋላ ነው። እንደዚያ ያለ ሐፍረት በአባታችን ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

በፕሮግራሙ ላይ ከመድፉ ቀጥሎ ያለው ባንዲራው ነው። ሰቃዮቹ መሳብ ጀመሩ፣ ሕዝቡም መዘመር ጀመረ፤ መዝሙር ሲዘመር ደግሞ ሰው እንደ እንጨት ነው የሚቆመው፣ ጎንበስ የሚል የለም። ባፓክ ሊነሡ ሞከሩ። ግራ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው። እንደገና ሞከሩ፣ በጉልበታቸው ተመለሱ፤ ሱሪው የተቀደደው ያን ጊዜ ነው። አጠገባቸው የቆመው ጋሪ ነጂ እጁን ሊሰጣቸው ሲል በመዳፋቸው ከለከሉት። ባንዲራው ከምሰሶው ግማሽ አልፏል። ቅርጫቴን ጥዬ ልሮጥ ስል፣

«አቁሙ!»

ፓክ ሙጂብ ናቸው። «አቁሙ! ዜማው ተበላሽቷል። እንደዚህ ተዘምሮ አይታወቅም። ባንዲራው ይውረድ፤ ከመጀመሪያው!»

ማስ ሰኖ፣ ዜማው አልተበላሸም ነበር። በአሥራ አራት ዓመት እንደዚያ አሳምረን ዘምረን አናውቅም። ያን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ አሰኝተው፣ ራሳቸው ወደ ምሰሶው ዞሩና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ባንዲራው ሲወርድ ማየት ጀመሩ። ወደ ባፓክ አንድም ጊዜ አልተመለከቱም። ሰቃዮቹ ነገሩ ስለገባቸው ገመዱን በጣም ቀስ አድርገው ነበር የለቀቁት። ዋሪስ ሰዓቱን አየ፤ ፈቃዳችን ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር። እጁን መልሶ ግንባሩ ላይ አደረገ።

የሰማኸው ጸጥታ እሱ ነው። ባፓክ ጠመንጃውን ተክለው፣ መጀመሪያ በቀኝ ጉልበታቸው፣ ከዚያ በቀኝ እግራቸው፣ ከዚያ በግራ ተነሡ። ማንም አልረዳቸውም፣ ማንም አላያቸውም፤ ሦስት መቶ ሰው ወደ ምሰሶው ብቻ ያይ ነበር። ጠመንጃውን ትከሻቸው ላይ ሲያነሡት እንጨቱ ቀበቷቸውን ሲነካ ተሰማ። ፓክ ሙጂብ ያችን ድምፅ ነበር የሚጠብቁት። እጃቸውን አነሡ፣ እኛም ጀመርን።

በኋላ ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ባንዲራውን አዩት ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «አየሁት» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። አንተ ግን ምን እንደሆነ ጠይቀኸኛልና ልንገርህ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ቃል፣ በሁለቱም እግራቸው፣ ቆመው ነበር። አንተ ያላየኸው በእሳቸው ቦታ ሞተህ ስለነበር ነው።

እህትህ ላራስ